ባትሪው ሞተ ከማለታችን በፊት
የአሮጌ ፒክአፕ የቻርጅና የኤሌክትሪክ ብልሽት አመረማመር



በማኅበራችን አባላት እጅ የሚገኙት መኪናዎች አብዛኞቹ ከብዙ ሰው እጅ ያለፉ አሮጌ ፒክአፖች ናቸው። የመኝታ ቤት ዕቃ የሚጓጓዘው፣ አዲስ ተማሪ ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚመጣው፣ በሌሊት የታመመ ጓደኛችን ሐኪም ቤት የሚደርሰው በእነዚሁ ነው። ስለሆነም ከእነርሱ አንዱ ጧት «አልነሣም» ባለ ጊዜ ችግሩ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ «ባትሪው ሞቷል፣ ለውጠው» የሚል። ከወር አበሉ ተቀንሶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። መኪናው ይነሣል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። ይኸውም የባትሪ መድከም በአብዛኛው ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አለመሆኑን ነው። በሕክምና ትምህርት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ትኩሳት የበሽታ ስም አለመሆኑ ነው። ያተኮሰውን ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን የሚሰጥ ሰው አልፎ አልፎ ይሳካለት ይሆናል፤ መረመረ ግን አይባልም። የመኪናም ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ማየት፣ ከዚያም መለካት፣ በመጨረሻ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር የማይወዳደር አንድ ተራ ቴስተር ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በአገራችን በሰፊው የሚታወቀውን የቶዮታ ሃይለክስ ፒክአፕ ነው። በተለይም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩትን፣ 22አር የተባለውን የቤንዚን ወይም 2ኤል የተባለውን የናፍጣ ሞተር የያዙትን እንመለከታለን። ሁለቱም ሞተሮች 2.4 ሊትር ናቸው። መሠረተ ሐሳቡ ለዳትሰንም፣ ለኢሱዙም፣ ለማዝዳም ያው ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ ግን ለ12 ቮልት መኪና የተሰጡ ናቸው።

1. ስለ ስሞች

የዚህ አገር ወርሻ ቋንቋ ከእኛ ጋራዥ ቋንቋ ጋር አንዳንዴ ይገናኛል፤ አንዳንዴም ይለያያል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዕቃ እኛም እነርሱም «ዲናሞ» እንለዋለን፤ የትምህርት ስሙ አልተርኔተር ነው። እኛ ከጣልያንኛ ወስደን «ሞተሪኖ» የምንለውን የማስነሻ ሞተር በባሕረ ሰላጤው «ሰልፍ» ይሉታል። ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ እኛ «ቺንጋ» ስንለው እነርሱ «ሰይር» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ «ማሳ» የምንለው ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ብረትና በሻንሲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው። እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ደኅናው ዕቃ እንዳይቀየርበት ቢያንስ መጠየቅ ይችላል።

2. የአካሉ አሠራር

ሀ/ ባትሪ። ባትሪ ጎተራ ነው፤ እህሉን አያመርትም፣ ያስቀምጣል እንጂ። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከተሠራ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። በውስጡ 6 ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ይህን ቁጥር አንባቢ በቃሉ ቢይዘው ወደ ኋላ ይጠቅመዋል።

ለ/ ዲናሞ። በቺንጋ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በመካከሉ የሚዞረው ክፍል ማግኔት የሚሆነው በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ነው። የሚመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፤ ባትሪ የሚቀበለው ቀጥተኛውን ብቻ ነውና።

ሐ/ ሬጉላቶር። ሞተሩ በፈጠነ መጠን ዲናሞው ከልክ በላይ እንዳያመነጭ የሚቆጣጠር ነው። በአሮጌዎቹ ለብቻው በትንሽ ሣጥን ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ዲናሞው ውስጥ ይገኛል።

መ/ ሽቦዎችና ማሳ። እነዚህ የደም ሥሮች ናቸው። ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ ካልተመለሰ ዝውውር እንደሌለ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክም በፖዚቲቩ ሽቦ ሄዶ በማሳ ካልተመለሰ ሥራ አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ይመረምራል፤ የሚመለስበትን ግን ይረሳል።

የባትሪው ዋና ሥራ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መብራቱንም፣ ማራገቢያውንም፣ ሬዲዮውንም የሚሸከመው ዲናሞው ነው፤ ባትሪውም ያወጣውን መልሶ ይቀበላል። ዲናሞው ሥራ ቢያቆም ግን ሁሉም ነገር ከጎተራው መብላት ይጀምራል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ 10 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 6 ሰዓት ሳይሞላው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያም የሚወቀሰው ባትሪው ይሆናል።

3. ከመጀመር በፊት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

አንደኛ፦ ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ሐብል ይወልቃሉ። በፖዚቲቩና በመኪናው ብረት መካከል የገባ ቀለበት በቅጽበት ግሎ ጣትን እስከ አጥንት ያቃጥላል።

ሁለተኛ፦ ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ በመጀመሪያ ይፈታል፤ ሲታሰር ደግሞ በመጨረሻ ይታሰራል። እንዲህ ከተደረገ ቁልፉ ድንገት ብረት ቢነካ እሳት አይፈጠርም።

ሦስተኛ፦ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በቀላሉ ስለሚፈነዳ ሲጋራ ይዞ መቅረብም ሆነ ውኃውን ለማየት ክብሪት መጫር ክልክል ነው።

አራተኛ፦ በባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዐይን ውስጥ ቢገባ ሳይታሽ፣ ሳይዘገይም፣ ዐይኑን ከፍቶ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ከዚያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። «መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንድረስ» ማለት ስሕተት ነው፤ ብርሃን የሚተርፈው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጥበት ነው።

አምስተኛ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ «ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» የሚለው ፈተና ፈጽሞ መተው አለበት። ልማዱ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከሚሰጡት የጥንት ዲናሞዎች ዘመን የቀረ ነው። በአልተርኔተር ላይ ሲደረግ ቮልቱ በድንገት ወደ ላይ ይዘልና ዳዮዶቹንና ሬጉላቶሩን ያቃጥላል። ጤነኛ የነበረው በምርመራው ይታመማል ማለት ነው።

4. የሕመሙ ታሪክ

ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። ዋናዎቹ ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

— መኪናው እንቢ የሚለው ሁለት ሦስት ቀን ሲቆም ነው ወይስ ረጅም መንገድ ነድቶ እንደጠፋ? በመጀመሪያው ሁኔታ የሚጠረጠረው ያረጀ ባትሪ ወይም ሳይታይ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ግን የሚጠረጠረው ቻርጁ ነው።

— በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የባትሪ መብራት መቼ ይበራል? መቼስ ይጠፋል?

— በቅርቡ ምን ተሠራለት? ሬዲዮ ተጨመረ? መብራት ተቀየረ? ሞተር ወርዶ ታደሰ?

— የባትሪው ውኃ ቶሎ ቶሎ ያልቃል? አምፖሎችስ ይቃጠላሉ? ይህ ከሆነ በሽታው የቻርጅ ማነስ ሳይሆን መብዛት ሊሆን ይችላል።

— ባትሪው ስንት ጊዜው ነው? ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው። በግምት በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ አካባቢ የባትሪ ዕድሜ በደጋ አገር እንደምናውቀው ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ባትሪው እውነትም አርጅቶ ይሆናል፤ ይህን የሚወስነው ግን ልኬት ነው።

5. ምርመራው በቅደም ተከተል

ደረጃ አንድ፦ በዐይን፣ በእጅና በጆሮ። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሙቅ ውኃ በሟሟ ሶዳ ይታጠባል፤ ሶዳው ግን ወደ ባትሪው ውስጥ መግባት የለበትም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና በደንብ ጠብቆ ቫዝሊን ይቀባል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው በሁለት ፑሌዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት ይገባዋል። ከዚያ በላይ ከገባ ላልቷል። ሞተሩ ሲነሣ ወይም መብራት ሲበራ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የላላ ቺንጋ ሳይጠብቅ ቀጣዩን ልኬት መውሰድ ዋጋ የለውም።

በባትሪው ፖዚቲቭ አጠገብ የሚገኘውን እንደ ዋና ፊውዝ የሚያገለግል አጭር ሽቦም መንካት ያስፈልጋል። ላዩ ያበጠ ወይም ሲስቡት እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ከሆነ ውስጡ ተቃጥሏል። በተራ ሽቦ መተካት የለበትም። ሥራው እርሱ ተቃጥሎ መኪናውን ከእሳት ማዳን ነውና።

ደረጃ ሁለት፦ ባትሪው ዐርፎ። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ቴስተሩ በቀጥተኛ ቮልት ላይ ተደርጎ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይለካል።

12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ — ሙሉ
12.4 ቮልት — ሦስት አራተኛ ያህል
12.2 ቮልት — ግማሽ ያህል
12.0 ቮልት — ሩብ ያህል
ከ11.8 ቮልት በታች — ባዶ

ባዶ ማለት ግን የሞተ ማለት አይደለም። የራበው ሰውና የሞተ ሰው አንድ አይደሉም። ባዶ ባትሪ በመጀመሪያ በቻርጀር ተሞልቶ፣ ዐርፎ፣ እንደገና ይለካል። ተሞልቶም ከ10.5 ቮልት አካባቢ አልወጣም ካለ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ አምስት ጊዜ 2.1 የሚሰጠው 10.5 ነውና። ያን ጊዜ «ባትሪው ሞተ» ማለት ይቻላል።

ደረጃ ሦስት፦ ሲነሣ። ቴስተሩ በባትሪው ጫፎች ላይ እንዳለ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ሞተሪኖው ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ የነበረ ባትሪ ወደ 7 ወይም 8 ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አቅም አጥቷል። ሞተሪኖው «ቋ» ብሎ ዝም ሲል ቮልቱ ግን 12 አካባቢ ከቆመ ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ተይዟል። የገመዱ መያዣ፣ ካቦው፣ ማሳው ወይም ሞተሪኖው ራሱ ይመረመራል።

ደረጃ አራት፦ ሞተሩ ሲሠራ። ሞተሩ በትንሹ ነዳጅ ተሰጥቶት ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት በባትሪው ጫፎች ላይ መታየት አለበት። መብራትና ማራገቢያ ሲከፈት ትንሽ ቢቀንስም ከ13.2 በታች መውረድ የለበትም። በ12 ውስጥ ሆኖ እየወረደ ከሄደ ባትሪው ቻርጅ አያገኝም። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉላቶሩ አልቆጣጠርም ብሏል፤ ባትሪው እየፈላ ውኃውን ይጨርሳል፣ አምፖሎችም ይቃጠላሉ።

ደረጃ አምስት፦ በመንገድ የሚባክነው። ይህ በብዙ ወርሻዎች የሚዘለለው ደረጃ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ ቴስተሩ በሁለት ጫፎች መካከል ሳይሆን በአንድ መንገድ መነሻና መድረሻ ላይ ይደረጋል። ጤነኛ መንገድ ምንም ቮልት አያሳይም ለማለት ይቻላል።

— ከዲናሞው ዋና ብሎን (ወፍራሙ ሽቦ ከሚታሰርበት) እስከ ባትሪው ፖዚቲቭ፦ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም።
— ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ፦ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም።
— ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ፦ እንዲሁ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ከእነዚህ አንዱ ከበዛ ቮልቱ የሚባክነው እዚያው ላይ ነው። አዲስ ባትሪም አዲስ ዲናሞም ይህን አያድኑም።

ደረጃ ስድስት፦ ዲናሞው ራሱ። በዲናሞው ዋና ብሎንና በአካሉ መካከል ተለክቶ ከ13.8 በታች ከሆነ ጥፋቱ ከዲናሞው ወይም ከሚቀሰቅሰው ሽቦ ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ቀዩ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ፣ ፊውዙ ወይም ከዲናሞው ኋላ የሚሰካው ሶኬት ይታያል። መብራቱ በርቶ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ካልጠፋ ካርቦኑ ወይም ሬጉላቶሩ ይጠረጠራል። በእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ መታ ሲደረግ ለጥቂት ጊዜ ቻርጅ የሚጀምር ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ አልቋል። ካርቦን ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለእርሱ ሲባል ሙሉ ዲናሞ መቀየር አያስፈልግም። ቴስተሩ ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ተዞሮ በባትሪው ላይ ከ0.5 በላይ ካሳየ ደግሞ ከዳዮዶቹ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

6. አንድ ጉዳይ ለምሳሌ

ከማኅበራችን አባላት የአንዱ የሆነ 2ኤል ሞተር ያለው ሃይለክስ በ8 ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ተቀይሮለታል፤ ሁለቱም ጊዜ የተቀየረው በባትሪ ሻጩ ምክር ነበር። ሦስተኛው ከመገዛቱ በፊት ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ስንመረምረው ያገኘነው ይህ ነው። ባትሪው በቻርጀር ተሞልቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ስለዚህ ሞቷል ሊባል አይችልም። ሲነሣ 10.4 ላይ ቆመ፤ ይህም ደኅና ነው። ሞተሩ ሲሠራ፣ መብራት በርቶ፣ በባትሪው ላይ የታየው 12.9 ብቻ ነበር። ቀዩ መብራት ግን ጠፍቷል፤ ባለቤቱንም «ቻርጁ ደኅና ነው» ያሰኘው ይኸው መብራት ነበር።

በዲናሞው ብሎንና በአካሉ መካከል ሲለካ 14.5 ተገኘ። እንግዲህ ዲናሞው ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን ከ14.5 ውስጥ 1.6 ቮልት ባትሪው ዘንድ አይደርስም። በፖዚቲቩ መንገድ ሲለካ 0.1 ነው፤ ንጹሕ ነው። ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሲለካ 1.5 ሆነ። ሂሳቡ ሞላ። ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ግን 0.05 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ማሳ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በዲናሞውና በሞተሩ ብረት መካከል ነው። ሞተሪኖው በደንብ ማዞሩም ይህንኑ ያረጋግጣል። በመቶ የሚቆጠር አምፔር የሚመለሰው በዚያው ማሳ ስለሆነ፣ እርሱ ቢበላሽ ኖሮ ሞተሪኖው አይንቀሳቀስም ነበር።

ዲናሞው ሲፈታ ምክንያቱ ታየ። ሞተሩ ከዓመት በፊት ሲታደስ ዲናሞው የሚታሰርበት ብረት በወፍራም ቀለም ተቀብቷል፤ ብሎኖቹም ዝገዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀለሙ ተፋቀ፤ ብሎኖቹ ተቀየሩ፤ ለማስተማመኛ ከዲናሞው አካል ወደ ሞተሩ ብረት አንድ አጭር ወፍራም ሽቦ ታሰረ። ከዚያ በኋላ በባትሪው ላይ የታየው 14.3 ነው። የወጣው ወጪ የሁለት ብሎን፣ የአንድ ክንድ ሽቦና የአንድ ቅጠል ብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ነው።

ቀዩ መብራት ለምን ጠፋ ለሚል መልሱ ግልጽ ነው። መብራቱ የሚነግረን የዲናሞውን ሁኔታ እንጂ ባትሪው ምን ያህል እንደደረሰው አይደለም።

7. ቆሞ የሚፈስ ኤሌክትሪክ

ቻርጁ ደኅና ሆኖ መኪናው ቆሞ ሲሰነብት የሚሞት ከሆነ ፍሳሽ ይፈለጋል። በሮች ተዘግተው፣ ቁልፍ ወጥቶ፣ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታል። ቴስተሩ በ10 አምፔር ላይ ተደርጎ በገመዱና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማዞር ቴስተሩን ያቃጥላል። በእነዚህ አሮጌ መኪናዎች ከ0.05 አምፔር በላይ ከታየ ፍሳሽ አለ። ፊውዞች አንድ በአንድ እየተነቀሉ ይታያል፤ ቁጥሩ የሚወርድበት ፊውዝ ጥፋተኛውን መሥመር ያሳያል። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ካልወረደ ባትሪው ተፈቶ ሳለ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ይነቀልና ጫፉ ይሸፈናል፤ ከዚያ እንደገና ይለካል። አሁን ከወረደ ዳዮድ እያፈሰሰ ነው። የመሣቢያው ትንሽ አምፖል እንኳ 5 ዋት ቢሆን 0.4 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪን በ6 ቀን ባዶ ያደርጋል።

8. ለናፍጣ ሃይለክስ ልዩ ማስጠንቀቂያ

በ2ኤልና በወንድሞቹ ሞተሮች ላይ የፍሬን ማገዣው አየር መሳቢያ ፓምፕ የሚገኘው በዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ቺንጋው ቢበጠስ የሚቆመው ቻርጁ ብቻ አይደለም። የፍሬኑ እገዛ ያልቃል፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የውኃው ፓምፕም ስለሚቆም ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ቀዩ መብራት ድንገት ከበራ «እስከ ቤት ያደርሰኛል» ሳይባል ዳር ይዞ መቆምና ቺንጋውን ማየት ግድ ነው። ፔዳሉ ቢጠነክር ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ በሙሉ ኃይል መርገጥ ያስፈልጋል። ዲናሞው ሲፈታም ወደ ፓምፑ የሚሄዱት የዘይትና የአየር ቱቦዎች ሳይቀደዱና ሳይላሉ መመለሳቸው መረጋገጥ አለበት።

9. ለነገ ሥራችን

ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ጨርሰን ብንመለስ ከትልቅ ከተማ ርቀን መመደባችን የሚጠበቅ ነው። በዚያ አንድ ፒክአፕ የጤና ጣቢያውም፣ የእርሻውም፣ የውኃ ሥራውም መኪና ሊሆን ይችላል፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ይገኝ ይሆናል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። መኪናው መንገድ ላይ ሲቀር በሣጥኑ ያለው በረዶ አይጠብቅም። ምጥ የያዛት እናትም እንዲሁ። ስለሆነም እያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይኑረው። ቀን፣ ያረፈ ቮልት፣ ሲነሣ የታየ ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ የታየ ቮልት በየወሩ ይጻፍበት። የታማሚ ካርድ እንደሚጠቅመን ሁሉ ይህም ከመውደቁ በፊት መድከሙን ያሳየናል።

10. የመለማመጃ ጥያቄዎች

1/ ያረፈ ባትሪ 12.6፤ ሞተሩ ሲሠራ 12.3 ሆኖ እየወረደ ይሄዳል፤ ቀዩ መብራት በርቷል፤ ቺንጋው ጠባቂ ነው። ምን ይመረመራል?

2/ ያረፈ ባትሪ 12.5፤ ቁልፍ ሲዞር «ቋ» ብቻ ይላል፤ ቮልቱ 12.4 ላይ ቆሟል። ባትሪ ይገዛ ወይስ አይገዛ?

3/ ሞተሩ ሲሠራ 15.6፤ የባትሪው ውኃ በየሳምንቱ ይጎድላል። በሽታው ምንድን ነው?

4/ ቻርጁ 14.2፤ ለሦስት ቀን ሲቆም አይነሣም፤ ፍሳሹ 0.6 አምፔር ነው። 60 አምፔር-ሰዓት የሆነው ባትሪ በስንት ሰዓት ባዶ ይሆናል?

መልስ፦ 1/ ዲናሞው አያመነጭም። መጀመሪያ ፊውዙና ሶኬቱ፣ ቀጥሎ ካርቦኑና ሬጉላቶሩ ይታያሉ። 2/ አይገዛም፤ የገመድ መያዣዎቹ፣ ካቦው፣ ማሳውና ሞተሪኖው ይመረመራሉ። 3/ ቻርጁ በዝቷል፤ ሬጉላቶሩ ካልተስተካከለ አዲስ ባትሪም ይበላሻል። 4/ 60 ለ0.6 ሲካፈል 100 ሰዓት ነው። መኪናው ግን ከዚያ በፊት፣ ባትሪው ከግማሽ በታች ሲወርድ ማለትም ከ50 ሰዓት በኋላ፣ ማስቸገር ይጀምራል። ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ።